ከሦስተኛው ሳንቃ በታች

«አሥራ አራተኛውን ሳንቃ ነቅዬ መጣሁ፤ ውሃው መውረድ ጀምሯል፤» አለ የውሃ በር ጠባቂው፣ ጭቃ የጠገበ ቦቲውን ደጃፍ ላይ አውልቆ በካልሲው እየገባ።

ለማንም ብሎ አልነበረም የተናገረው። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካለ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል፤ አፉ ላይ የመጣለትን ይላል። ከትናንት ጀምሮ በዚያ ክፍል የተባለው ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ሻዩ መቅጠን፣ ስለ ሰው ልጅ ከንቱነት፣ እንደገና ስለ ሻዩ። የሟቹ ልጅ ግን ብርጭቆዋን እንደያዘች ቀና አለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሆኖም በአባት ለቅሶ ላይ ሁሉም ሰው ልጅ ነውና ከትናንት ጀምሮ «ልጅቷ» እየተባለች ነው።

«ስንተኛውን አልከኝ?»

«አሥራ አራተኛውን።»

«ዛሬ ጠዋት አይደል እንዴ የጀመርከው?»

«ዛሬ ነው። አንዷን ብቻ ነቅዬ ፊታችሁን ልይ ብዬ መጣሁ።»

«አንድ ከነቀልክማ አንደኛው ነው።»

በር ጠባቂው በሐዘኔታ አያት። ሐዘን ሰውን እንደሚያዞር ያውቃል። «አንደኛውማ ታች ነው ያለው እህቴ፣ ጭቃው ላይ። በሩ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው፤ ሁለተኛው በሱ ላይ፣ ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ እያለ ይሄዳል። የላይኛው አሥራ አራተኛ ነው። ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዲህ ነው ያስተማሩኝ። አንድ ቀን ከላይ ስቆጥር ሰምተውኝ ‹አንተ፣ ቤት ከጣሪያ ይጀመራል እንዴ?› ብለው ሲስቁብኝ ዋሉ።»

ሻዩ ጉልበቷ ላይ ተደፋ። ለቅሶውን እንደ ጦር አዛዥ የምትመራው አክስቷ፣ የሟቹ ታናሽ እህት፣ «ተቃጠልሽ! ተቃጠልሽ እኮ!» እያለች ጨርቅ ይዛ ሮጠች። ልጅቷ መቃጠሏን አላወቀችም። ከላይ ነበር የቆጠረችው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከላይ ነበር የቆጠረችው።

የከተማው ሐይቅ እግዜር የሠራው አይደለም። ከሰባ ዓመት በፊት የጡብ ፋብሪካው አፈር የሚያወጣበት ጉድጓድ ነበር። ጉድጓዱ እየሰፋ ሄዶ ሠፈር ሊውጥ ሲቃረብ፣ የዚያን ጊዜው ከንቲባ ውሃ ይሞላበትና መናፈሻ ይሁን አለ፤ ከንቲባ ካለ ደግሞ ይሆናል። ውሃውን የሚይዘው በር በሁለት የብረት ዓምዶች መካከል አንዱ ባንዱ ላይ የሚደረደሩ አሥራ አራት ወፋፍራም ሳንቃዎች አሉት። በየአሥራ ሁለት ዓመቱ አምስት ያህሉ ይነቀሉና ሐይቁ ዝቅ ይላል፤ ግንቡ ይጠገናል፣ ደለሉ ይጠረጋል፣ ከዚያ መልሶ ይሞላል። የዘንድሮው ተራ ከአባቷ ቀብር ማግስት ላይ ዋለ።

አባቷ ሠላሳ ስምንት ዓመት የዚያ በር ጠባቂ ነበር። ደሞዝ የሚከፈለው ለሳንቃው ይሁን እንጂ ዋናው ሥራው ማውራት ነበር። መናፈሻ የመጣ ሰው ሁሉ ሳይጠይቀው ይመራል። የሰዓት ማማው ሥር ያቆማቸውና «ይሄ ሰዓት አራት ፊት አለው፤ አራቱም የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ባለሥልጣን መሆኑን ያወቅነው በዚህ ነው፤» ይላል። ከዚያ የብረት ድልድዩ ጋ ይወስዳቸዋል። «መሐንዲሱ ሲለካ ሁለት ክንድ አጠረበት። ምን አደረገ መሰላችሁ? ሐይቁን አጠበበው!» ከድልድዩ ማዶ ያለው የድንጋይ አንበሳ የውሻ ጆሮ ያለው ቀራጩ አንበሳ አይቶ ስለማያውቅ የራሱን ውሻ አስቀምጦ ስለቀረጸው ነው። ሰው ይስቃል፣ ልጆች ጆሮውን ይነካሉ፣ ሽማግሌዎች እውነት መሆኑን ይመሰክራሉ።

መጨረሻ ላይ ጀልባ መሳፈሪያው ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «የቆማችሁበት ደረጃ ወደ ታች ይቀጥላል። ጉድጓዱን የቆፈሩት ወንዶች ናቸው፤ አፈሩን በጀርባቸው ተሸክመው በዚህ ደረጃ የወጡት ግን ሴቶች ናቸው። ስልሳ ሁለት ሴቶች። ውሃው ሊለቀቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የታችኛው ወለል ሲሚንቶ ሳይደርቅ፣ እጃቸውን አሳረፉበት። ሦስተኛው ሳንቃ ሲነሳ ይታያል። ጎረምሳ ሳለሁ፣ ሐይቁ አንዴ ለትልቅ ጥገና ተራቁቶ፣ እኔ አይቼዋለሁ። እናቴም አለችበት።»

ልጅቷ ይህን ታሪክ እየሰማች ነው ያደገችው። አድጋም የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ጸሐፊ ሆነች፤ ድልድዩ አጠገብ፣ ማማው ሥር፣ ሰው ቆሞ የሚያነበውን ሁሉ የምትጽፈው እሷ ናት። የሐይቁን ሰሌዳ እንድትጽፍ በታዘዘችበት ዓመት አባቷ እግሩን ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሐይቁም የሚጎድልበት ዓመት ነበርና ሥራውን ከውጭ የመጡ ሠራተኞች ያዙት፤ እስከ ታች ያራቁቱታል ተብሎም ይወራ ነበር።

«አባዬ፣ ወሬ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ካየሁ እጽፋለሁ፤» አለችው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ።

አልተቀየማትም። በዚህ ጠባይዋ ይኮራባት ነበር፤ «ዳኛዬ» እያለ ነበር የሚጠራት። «ሂጂና እይ፤ ሦስተኛው ሳንቃ ሲነሳ ታገኚዋለሽ፤» ብሎ ላካት።

ሄደች። ደረጃው ላይ ደብተሯን ይዛ ቆመች። ሠራተኞቹ አንድ አሉ፣ ሁለት አሉ፣ ሦስት አሉ። አረንጓዴ ልጋግ የለበሰ ድንጋይ እንጂ ምንም አልነበረም። አራት አሉ፣ አምስት ብለው አቆሙ፤ ያው ድንጋይ። ተመልሳ ለአባቷ ነገረችው።

«ሦስተኛው ተነስቶ?» አላት።

«ተነስቶ።»

«በዓይንሽ አየሽ?»

«በዓይኔ አየሁ አባዬ። የለም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷም ሰሌዳውን ጻፈች፤ «ይህ ሐይቅ በከተማው ከንቲባ ትእዛዝ፣ በመሐንዲሶች ጥበብ ተሠራ፤» አለች። አባቷ ድኖ ወደ ሥራው ሲመለስ ጉብኝቱን አንበሳው ጋ መጨረስ ጀመረ። የድሮ ደንበኞቹ «እጆቹስ?» ሲሉት «የሉም። ልጄ አይታለች፤» ይላቸው ነበር። ይህን በጆሮዋ ሰምታለች። ያኔ ሽማግሌው በመጨረሻ ለእውነት እጁን የሰጠ መስሏት ነበር። አሁን ሻይ በተደፋበት ቀሚስ ተቀምጣ ገባት፤ አባቷ ከገዛ ዓይኑ ይልቅ የእሷን ዓይን አምኖ ነው የሞተው። ሲሚንቶው ተፈርፍሮ፣ የእናቱ እጅ ጠፍቶ ቀረ ብሎ ነው የሞተው።

ልቅሶዋ ያን ጊዜ መጣ። ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ግን አብሮት ሌላ ነገር መጣ፤ ከወንበሯ የሚያስፈነጥር ነገር። ካልተፈረፈረስ? እዚያው ካለስ?

«ሦስተኛው መቼ ይነሳል?» አለች እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች።

«ማን? ሦስተኛው? አይነሳም፤» አለ በር ጠባቂው። «ፈቃዱ ለአምስት ሳንቃ ነው። ነገ አሥረኛው ላይ እናቆማለን፤ ከነገ ወዲያ መልሰን እንሞላለን። እንደገና የሚጎድለው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።»

አክስቷ ሁሉንም ሰምታለች፤ ያ ቤት ውስጥ እሷ የማትሰማው ነገር የለም። ልጅቷን ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባቻት።

«የምታስቢውን አውቄዋለሁ። ተይው።»

«አክስቴ፣ አልዋሸም እኮ! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!»

«ባይኖርስ? ሰባ ዓመት ውሃ ውስጥ የተኛ ሲሚንቶ ነው። እናታችን አንድም ቀን ስለ እጅ ነግራኝ አታውቅም። አሁን ሰዉ ‹ተረት ያወራ ነበር፣ ነፍሱን ይማር› ብሎ በፍቅር እየሸኘው ነው። አገሩን ሰብስበሽ ባዶ ድንጋይ ብታሳዪ ወንድሜን ሁለተኛ ልትቀብሪው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።»

የአክስቷ ፍርሃት እውነት ነው፤ ልጅቷንም ይዟታል። ወደ ወንበሯ ተመልሳ ተቀመጠች። ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት መሆኑን እየረሳ ሄደ። በር ጠባቂው በየሁለት ሰዓቱ በካልሲው እየገባ በሹክሹክታ «አሥራ ሦስተኛው»፣ «አሥራ ሁለተኛው» ይላል፤ ሹክሹክታው ከወንበር ወደ ወንበር ይዘላል። ከሰዓት በኋላ የመጡት ጎረቤቶች ገና እጅ ሳይጨብጡ «ስንተኛው ላይ ደረሰ?» ይሉ ጀመር። አንድ ሁለት ሰዎች ባለፈው ዓመት ለሌላ ለቅሶ እንኳ ያላሳዩትን ታታሪነት አሳይተው በቀን ሦስት ጊዜ መጡ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደጃፉ ላይ ግርግር ሆነ። ከወፍ የማትከብድ አሮጊት፣ በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው የልጅ ልጇን ክንድ ይዛ፣ ከሁለቱም እየቀደመች ገባች። አክስትየው አፏን ይዛ ቀረች። «እማማ ፌንጣ! በሕይወት አሉ እንዴ?»

«ምን ላድርግ፣ የሚወስደኝ አጣሁ!» አለች አሮጊቷ። «ሩቅ አገር ልጄ ጋ ነው ያለሁት። በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ተቀምጬ መጣሁ። ያንን ልጅ በዚህ ጀርባዬ አዝዬዋለሁ፤ እናቱ አፈር ስትሸከም እሱን እኔ፣ እኔ ስሸከም እሱን እሷ። እኔ ቀድሜው መሄድ ሲገባኝ…» ብላ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ቤቱም አብሯት አለቀሰ።

ልጅቷ የአሮጊቷ ልቅሶ እስኪያበቃ መጠበቅ አልቻለችም። እግሯ ሥር ተንበረከከች። «እማማ፣ ሐይቁ ውስጥ… ደረጃው ሥር… እጅ አለ?»

እማማ ፌንጣ እንባዋን ሳትጠርግ አየቻት። «አለ ወይ? ምን ማለት ነው አለ ወይ?» ቀኝ እጇን ዘረጋች። ትንሿ ጣት ከመሃሏ ተቆርጣለች። «ጣቴን የጡብ ማሽኑ የበላኝ የዚያኑ ዓመት ነው። አራት ከግማሽ ጣት ሆኜ ነው ያተምኩት። ከእናቱ ጎን።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። አክስትየው ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «እናቴ ለምን አልነገረችኝም?»

«ማተማችንን አለቃው አይቶ እንዳይሰብረው፣ ውሃው እስኪሞላ ድረስ ላንናገር ተማማልን። ውሃው ሲሞላ ደግሞ ማን ይጠይቀን? ፎቶ ሲነሱ እኛ አልተጠራንም።»

የመናፈሻዎች ኃላፊ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የልጅቷ አለቃ መሆኑ ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ድምፁን ለሐዘን አዘጋጅቶ ሲገባ፣ ሠላሳ ሰው እንደሚጠብቁት ሙሽራ ቀና ብሎ አየው። ሰውየው ክራባቱን ነካ፤ የሆነ ነገር የፈሰሰበት መስሎት ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ…»

«አሜን። ጌታዬ፣ ሰሌዳዬ ስህተት ነው፤» አለችው ልጅቷ።

«ምን?»

ነገረችው። በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነው እንጂ። ፈቃዱ አምስት ነው አለ። ዓሦቹስ አለ። በር ጠባቂው ከኋላ «ዓሦቹ ወደ መሃል ይሰበሰባሉ፣ መሃሉ ጥልቅ ነው፤» አለው። ኃላፊው ሌላ ምክንያት ፈለገ። ለቅሶ ቤት መጥቶ አይሆንም ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በእጁ የሐዘንተኛ ሻይ ይዟል።

«ደንብ አለ እኮ፤» አለች ልጅቷ። «ሰሌዳ ጸሐፊ የራሱን ስህተት በጽሑፍ ካሳወቀ መሥሪያ ቤቱ ቦታው ድረስ ሄዶ ማጣራት አለበት። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ የፈረሙበት እርስዎ ነዎት።»

«አንቺ ግን ሐዘን ፈቃድ ላይ ነሽ። ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ እንዴት አድርጎ…»

«እኔ ፈቃድ ላይ አይደለሁም፤» አለች እማማ ፌንጣ ከወንበሯ። «እኔ ላመልክት። ችግሩ መጻፍ አልችልም። መጻፍ ብችል ኖሮ በእጄ አልፈርምም ነበር፤ ስሜን ጽፌ እሄድ ነበር።» ያቺን አራት ከግማሽ ጣት ያላት መዳፍ አፍንጫው ሥር አቀረበችለት። «ይኸውልህ ፊርማዬ። ሂድና ካለው ጋር አመሳክረው።»

ኃላፊው መዳፏን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ወረቀት አምጡልኝ፤» አለ። ንጹሕ ወረቀት ጠፋና ዳቦው የተጠቀለለበት ተገነጠለ። ልጅቷ ጻፈች፣ እሱ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። «እስከ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ትሞሉታላችሁ። ባይገኝ ግን ሰሌዳው እንዳለ ይቆያል፤ ይህ ጉዳይ ሁለተኛ አይነሳም።»

በር ጠባቂው ቦቲውን ሳያስር ሮጦ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። አክስትየው በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። «ሐዘንተኛ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል እንዴ? ሰው ሊያጽናናን መጥቶ ዝግ ቤት ሊያገኝ ነው?»

«ሰዉማ እዚያው ነው ያለው አክስቴ።»

እውነቷን ነበር። ቤቱ ባዶ ነበር። ከሩብ ሰዓት በፊት ሞልቶ የነበረው ክፍል ወንበሩን እንኳ ይዞ ጠፍቷል። በመስኮት ሲያዩ ጎረቤቶቻቸው ወንበር በራሳቸው ተሸክመው፣ ጥቁር እንደለበሱ፣ ወደ ሐይቁ እየወረዱ ነው። አክስትየው ይህን አይታ ቴርሞሱን አነሳች። «እንግዲያው አንድ ነገር ጻፊና በሩ ላይ ለጥፊ። ሙያሽ አይደል?»

ልጅቷም «ለቅሶው ሐይቁ ዳር ነው» ብላ ጽፋ ለጠፈች። በሕይወቷ እንደዚያ በደስታ የጻፈችው ሰሌዳ የለም።

ከአሥረኛው በታች ጉድጓዱ እየጠበበ ስለሚሄድ ውሃው ይፈጥናል። በር ጠባቂው በሜንጦ እየሳበ አንዱን ሳንቃ ባወጣ ቁጥር ውሃው በቦዩ ውስጥ እያገሳ ይወርዳል፣ ደረጃው አንድ ሁለት እያለ ይወጣል። ደረጃው ግራና ቀኝ ላይ ወንበር ተደርድሯል። መናፈሻ ሊዝናና የመጣውም ሰው ቆመ፤ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ሻይ ተሰጠው። «ሰባት!» ይላል በር ጠባቂው። «ሰባት!» ይላል ሕዝቡ። ስድስተኛው ሲነሳ አሮጌ ጀልባ ታየ። አምስተኛው ላይ ሳንቃው ተነክሶ ቀርቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አልነቀል አለ፤ ኃላፊው ራሱ ሱፉን አውልቆ ገመድ ሳበ። የልጅቷን እጅ እማማ ፌንጣ ይዛላታለች።

«ሦስት!» ሲል ማንም አልደገመም።

ውሃው ወለሉን ለቆ ሄደ። የቀረው አመድማ ጭቃ ነው፤ ዝርግ፣ ለስላሳ፣ ምንም የሌለበት። አክስትየው ዓይኗን ጨፈነች። ልጅቷ የሰው ቦቲ አጥልቃ ደረጃውን ወረደች፤ ዓይኗን አላመነችምና ተንበርክካ እጇን ጭቃው ውስጥ ከተተች። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው። ደልዳላ ነው። ወደ ቀኝ ሄደች፣ ደልዳላ። ትንሽ ወደ ግድግዳው ቀረብ ስትል ጣቶቿ ወደ ውስጥ ገቡ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስተኛው ግማሽ ላይ ቆመ።

«እማማ!» ብላ ጮኸች። «እማማ፣ አለሽ!» አንቱታውን ረስታለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን በሥርዓት ይናገረዋል? ባልዲ ወረደ፣ መጥረጊያ ወረደ፣ ሱፍ የለበሰውም ጥቁር የለበሰውም ጭቃ ውስጥ ገባ። ሰው በእጁ እያፈሰ፣ በሻይ ብርጭቆ ውሃ እየደፋ፣ «እዚህ ሌላ!»፣ «እዚህም!» እያለ ይጮኻል። አንዳንዱ መዳፍ ጠልቆ የገባ፣ አንዳንዱ ፈራ ተባ ያለ፣ አንዷ ሁለቱንም እጇን ያተመች። አክስትየው ቴርሞሷን ጥላ «ወንድሜ! ወንድሜ አልዋሸም!» እያለች አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትስቃለች። ኃላፊው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ።

እማማ ፌንጣን ከነወንበሯ ተሸክመው አወረዷት። መዳፏን በመዳፏ ላይ ገጠመች። እጇ ከሰባ ዓመት በፊት ከነበረው ቀጥኗል፤ ጣቷ ግን እዚያው ጋ ነው የቆመችው። «ይቺ ደግሞ አያትሽ ናት፤» አለቻት፣ ከጎን ያለውን ሰፊ መዳፍ እያሳየች። ልጅቷ ልትነካው ስትጎነበስ አሮጊቷ በምርኩዟ ጫፍ ዝቅ ብሎ ያለውን፣ ገና ጭቃ የሞላውን፣ የእንቁላል ያህል ጎድጓዳ ነገር ነካችው።

«እሱስ? እሱን አትጠርጊውም?»

«ምንድን ነው?»

«አራት ዓመቱ ነበር። ‹እኔም፣ እኔም› እያለ አልቅሶ ሲያስቸግረን እናቱ እጁን ይዛ ሲሚንቶው ላይ ተጫነችው። ቀዝቅዞት ሳቀ።»

ኃላፊው «ስልሳ ሁለት!» ብሎ ጮኸና ሕዝቡ አጨበጨበ። ልጅቷ ጭብጨባው ከሩቅ ነው የተሰማት። «አውቆታል? ሐይቁ የተራቆተ ጊዜ አይቶታል?»

«አይቶታል እንጂ። መጥቶ ነግሮኛል።»

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ከነገረ ሰዉ የሴቶቹን ትቶ የሱን ሊጠይቅ ነዋ! ‹የእነሱ ነው እማማ፣ እኔ ምን ተሸከምኩ?› አለኝ።»

ልጅቷ ባልዲውን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ ሰው መጥረጊያ ሊያቀብላት ሲል ራሷን ነቀነቀች። ውሃ በእፍኟ ቀድታ በቀስታ አፈሰሰችበት። ጭቃውን በአውራ ጣቷ ገፍታ አወጣች፤ መጀመሪያ መዳፉን፣ ከዚያ ጣቶቹን፣ ከዚያ በጣቶቹ መካከል ያለውን። እንደገና ውሃ አፈሰሰች። ከዚያ ከትከሻዋ ላይ ጥቁሩን ሻርፕ አውርዳ ጫፉን እየጠቀለለች ታደርቀው ጀመር።

«እህቴ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሳንቃውን ልመልስ?» አላት በር ጠባቂው ከላይ።

«ትንሽ ቆይ፤» አለችው ቀና ሳትል፣ ትንሿ ጣት ጋ ደርሳ። «ገና አልደረቀም።»